ከ550 ወንበሮች አንዱ



በየትኛውም አገር ምርጫ ተካሂዶ ውጤት ሲነገር የሁላችንም ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ማን አሸነፈ? ስንት ወንበር አገኘ?» እንላለን። ሬዲዮ የከፈተው አባት፣ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠችው እናት፣ በስልኩ የሚከታተለው ወጣት ሁሉም ቁጥሩን ይዞ ወደ ክርክር ይገባል። ቁጥር ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከእያንዳንዱ ወንበር በስተጀርባ ተሰልፈው ተራ የጠበቁ፣ ድምፃቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ብዙ ሺህ ሰዎች አሉ። ወንበሩ የእነርሱ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ዐምዳችን ስለ ብዙ ወንበሮች ሳይሆን ስለ አንድ ወንበር ልናወጋችሁ ወደናል። ነገሩ የሆነው በቱርክ ነው፤ ምርጫው የተካሄደው ኤፕሪል 18 ቀን 1999 ነው። (በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙዎቻችሁ ታሪኩን በከፊል ሰምታችሁት ይሆናል። ሙሉውን የምናነሣው ግን የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲታይ ለእያንዳንዳችን የሚያቀርበው አንድ ከባድ ጥያቄ ስላለው ነው።

ከምርጫው በፊት

በዲሴምበር 1995 በተካሄደው ምርጫ በነጅመዲን ኤርባካን የሚመራው የረፋህ ፓርቲ 21.4 በመቶ ድምፅና 158 ወንበሮች አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ኤርባካንም በጁን 1996 ከሌላ ፓርቲ ጋር ተጣምረው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ይህ ግን ለጦር ሠራዊቱ አዛዦች አልተዋጠላቸውም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 በተካሄደው የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ መንግሥቱ ሊፈጽማቸው የሚገቡ ናቸው ያሏቸውን እርምጃዎች ዘርዝረው አቀረቡ። ኤርባካን በዚያው ዓመት በጁን ወር ሥልጣን ለቀቁ። በጃንዋሪ 1998 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፓርቲያቸውን ዘጋ፤ እርሳቸውንም ለአምስት ዓመት ከፖለቲካ አገደ።

የዚያ ዘመን ጫና በፓርላማና በፓርቲ ጽሕፈት ቤት ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ወደ ዩኒቨርሲቲ በራፍም ደረሰ። ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከመግቢያው ላይ ይመለሱ ጀመር። በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «የማሳመኛ ክፍሎች» የሚባሉ ተዘጋጅተው ልጃገረዶቹ ወደዚያ እየተጠሩ ሂጃባቸውን እንዲያወልቁ ይመከሩ፣ ይወተወቱ ነበር። ያወለቀችው ትገባለች፤ ያላወለቀችው ትመለሳለች። በትምህርት ቤት በራፍ ላይ በአለባበሷ ምክንያት ቆማ የምታውቅ እህት ይህን ስታነብ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልጋት አይመስለንም።

የተዘጋው ፓርቲ አባላት ፋዚሌት በተባለ አዲስ ፓርቲ ተሰባሰቡ። ስሙ እኛ ከዐረብኛው «ፈዲላ» ብለን የምናውቀው፣ በጎ ምግባር ማለት ነው። ወደ 1999 ምርጫ የቀረቡትም በዚህ ስም ነው።

ውጤቱ

ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ የቡለንት ኤጄቪት ዴሞክራቲክ የግራ ፓርቲ በ22.2 በመቶ ድምፅ 136 ወንበሮች አግኝቶ አንደኛ ሆነ። የብሔርተኞች ንቅናቄ ፓርቲ በ18 በመቶ 129 ወንበሮች አገኘ። ፋዚሌት በ15.4 በመቶ 111 ወንበሮች ይዞ ሦስተኛ ወጣ። የእናት አገር ፓርቲ 86፣ የእውነተኛው መንገድ ፓርቲ 85 ወንበሮች ሲደርሷቸው በግላቸው የተወዳደሩ 3 ሰዎች ተመረጡ። ድምሩ 550 ነው።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በቱርክ ሕግ በመላ አገሪቱ ከተሰጠው ድምፅ 10 በመቶ ያላገኘ ፓርቲ አንድም ወንበር አይሰጠውም ነበር። ደንቡ የወጣው ከ1980ው የወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ነው። የሪፐብሊኩ መሥራች ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ ያቋቋሙት የሪፐብሊካን ሕዝብ ፓርቲ እንኳ በዚህ ምርጫ 8.7 በመቶ ብቻ በማግኘቱ ከፓርላማ ውጭ ቀረ። ይህን ደንብ በአእምሯችሁ ያዙት፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ከፋዚሌት 111 ተመራጮች መካከል አንዷ ከኢስታንቡል የተመረጠች የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ነበረች፤ ስሟ መርቬ ካቫክቺ ይባላል።

ባለ ወንበሯ

እህት መርቬ በ1968 በአንካራ ተወለደች። ወላጆቿ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። እናቷ በሂጃብ ክልከላው ምክንያት ማስተማራቸውን ለመተው ተገድደዋል። መርቬ ራሷ በአንካራ የሕክምና ትምህርት ጀምራ በዚሁ ምክንያት አቋረጠች። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄደ። እርሷም በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ምሕንድስና ተመረቀች። ወደ አገሯ ተመልሳ በረፋህ ፓርቲ የሴቶች ክፍል የውጭ ግንኙነት ሥራ ስትሠራ ቆየች። እንግዲህ ይህች ሴት ስትወዳደር ሂጃቧን ለብሳ ነው፤ የመረጧትም ሂጃቧን እያዩ ነው። መራጩን ያታለለችው፣ የደበቀችው ነገር አልነበረም።

ሜይ 2 ቀን 1999 አዲሱ ፓርላማ ለቃለ መሐላ ተሰበሰበ። መርቬ ናዝሊ ኢሊጃክ ከምትባል የፓርቲዋ ተመራጭ ጋር ወደ አዳራሹ ገባች። ናዝሊ ሂጃብ የማትለብስ ጋዜጠኛ ነበረች። መርቬ ገና ቦታዋን ከመያዟ የዴሞክራቲክ የግራ ፓርቲ አባላት ተነሥተው ማጨብጨብና ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። «ትውጣ! ትውጣ!» የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ኤጄቪት ወደ መነጋገሪያው ወጥተው ይህ ቦታ መንግሥትን መገዳደሪያ አለመሆኑን ተናገሩ፤ ለዚህች ሴት ቦታዋን አሳዩዋትም አሉ። ጩኸቱ አልበረደም፤ ስብሰባው ተቋረጠ። መርቬ ከአዳራሹ ወጣች። ቃለ መሐላውንም ሳትፈጽም ቀረች።

ለመሆኑ ደንቡ ምን ይል ነበር? የምክር ቤቱ የውስጥ ደንብ ሴት ተመራጮች ኮትና ጉርድ እንዲለብሱ ያዛል እንጂ ስለ ራስ መሸፈኛ የሚናገር ቃል አልነበረውም። ያባረራት የተጻፈ ሕግ ሳይሆን ጩኸት ነው።

በዚያው ዕለት በዚያው አዳራሽ ሌላ እህትም ነበረች። ከብሔርተኞች ንቅናቄ ፓርቲ የተመረጠችው ዶክተር ነስሪን ኡናል በውጭ ሂጃብ የምትለብስ ስትሆን ወደ አዳራሹ የገባችው አውልቃ ነው። ቃለ መሐላዋንም ፈጸመች። አንዳንዶች ያን ጊዜ አንዷን ለማወደስ ሌላዋን ሲያብጠለጥሉ ነበር። እኛ ግን እንዲህ ያለውን አንሻም። የልብን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ልንጠይቅ የሚገባን ስለ ሁለቱ ሴቶች ምርጫ ሳይሆን፣ ሁለቱንም በዚያ በር ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ ፊት ስላቆመው ሥርዓት ነው።

በዚያው በሜይ ወር መንግሥት መርቬ ሳታሳውቅ የአሜሪካ ዜግነት ወስዳለች በማለት የቱርክ ዜግነቷን ገፈፈ። ፕሬዚዳንት ሱለይማን ደሚሬልም ሁከት ቀስቃሽ ብለው ከሰሷት። በጁን 2001 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፋዚሌትንም ዘጋ፤ መርቬንና ናዝሊን ጨምሮ ጥቂት ሰዎችንም ለአምስት ዓመት ከፖለቲካ አገደ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2007 በሰጠው ፍርድ በእርሷ ላይ የተጣለው እገዳ የነፃ ምርጫ መብትን የጣሰ መሆኑን ወሰነ። ፍርዱ ሲመጣ የዚያ ፓርላማ ዘመን ካበቃ ዓመታት አልፈው ነበር።

የተጎዳው ማነው?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ብዙዎች «ምስኪን መርቬ» ይላሉ። ልክ ነው፤ ተበድላለች። ነገር ግን ጉዳቱን በእርሷ ላይ ብቻ ካየነው ነገሩ በግማሽ አምልጦናል።

ድምፅ መስጠትን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አመለካከት አላቸው። ታላቁ የፓኪስታን ዓሊም ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ጉዳዩን በሦስት መልኩ አይተውታል። አንደኛ ምስክርነት ነው፤ መራጩ «ይህ ሰው ለኃላፊነቱ የተገባ ነው» ብሎ ይመሰክራል። ሁለተኛ ምልጃ ነው። ሦስተኛ ደግሞ ውክልና፣ ወካላ ነው፤ መራጩ በራሱና በሕዝብ ጉዳይ ላይ ወኪል ይሾማል። በሐሰት መመስከር ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን የሚያውቅ ሙስሊም ድምፁን በዘመድ፣ በጎሣ ወይም በጥቅም ከመስጠቱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል ማለት ነው።

ሦስተኛውን፣ ወካላውን እንመልከት። አንድ ነጋዴ ዕቃውን እንዲያስረክብለት ወኪል ቢልክና ሰዎች ወኪሉን መልኩን ወይም ልብሱን ጠልተው ከበር ቢመልሱት ንብረቱ የቀረበት ማን ነው? ወኪሉ ወይስ ባለ ንብረቱ? መልሱ ግልጽ ነው። ሜይ 2 ቀን 1999 ከዚያ አዳራሽ የወጣችው መርቬ ብቻ አልነበረችም። ከእርሷ ጋር የኢስታንቡል መራጮቿ ወጥተዋል። ከመካከላቸው ሂጃብ የማትለብስም፣ ሽማግሌም፣ የቀን ሠራተኛም ነበረ። አማና ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት ቁርኣን ያዝዛል። የመራጭ ድምፅም አማና ነው፤ ባለቤቱ መራጩ ነው፤ ተሸካሚው ተመራጩ ነው። የቀሩት 549 ሰዎች ደግሞ ያንን አማና እንዳይደርስ የማገድ ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

«ሴት ልጅን ከአደባባይ ጉዳይ ምን አገናኛት?» ለሚሉም ታሪካችን መልስ አለው። በሁለተኛው የዐቀባ ቃል ኪዳን ከመዲና ከመጡት ከሰባ በላይ ሰዎች መካከል ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ኑሰይባ ቢንት ከዕብ (ረ.ዐ.) ናት። በሑደይቢያ ስምምነት ዕለት ሶሓቦች ተክዘው ትእዛዝ ለመፈጸም በዘገዩ ጊዜ ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መፍትሔውን ያመላከተችው ባለቤታቸው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናት፤ እርሳቸውም ምክሯን ተቀብለው ፈጸሙት። ከዑመር (ረ.ዐ.) በኋላ ኸሊፋ ሲመረጥም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) የመዲናን ሰዎች ሲያማክሩ ሴቶችንም በየቤታቸው ጠይቀው እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት ዘግበዋል። ሹራ፣ ማለትም መመካከር፣ በቁርኣን ውስጥ በስሙ የሚጠራ ምዕራፍ ያለው ታላቅ ጉዳይ ነው።

ጩኸቱ ያመጣው ውጤት

ኖቬምበር 3 ቀን 2002 ቱርክ እንደገና መረጠች። በዚህ መካከል ብዙ ነገር ሆኗል። በኦገስት 1999 በምዕራብ ቱርክ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ገድሏል። በፌብሩዋሪ 2001 የገንዘብ ቀውስ ደርሶ የሊራ ዋጋ ወድቋል፤ ብዙ ሰው ሥራውን አጥቷል። ከፋዚሌት መዘጋት በኋላ ወጣቶቹ ተለይተው በሬጀፕ ጣይብ ኤርዶዋን የሚመራ የፍትሕና የልማት ፓርቲ አቋቁመዋል።

ውጤቱ ሲነገር ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት 22.2 በመቶ አግኝቶ አንደኛ የነበረው የኤጄቪት ፓርቲ 1.2 በመቶ ብቻ አገኘ። ተጣማሪዎቹ፣ የብሔርተኞች ንቅናቄና የእናት አገር ፓርቲም ከ10 በመቶ በታች ወርደው ከፓርላማ ወጡ። መንግሥት የነበሩት ሦስቱም ፓርቲዎች አንድም ወንበር አላገኙም። የፍትሕና የልማት ፓርቲ በ34.3 በመቶ ድምፅ 363 ወንበሮች፣ የሪፐብሊካን ሕዝብ ፓርቲ በ19.4 በመቶ 178 ወንበሮች ወሰዱ፤ በግላቸው የተወዳደሩ 9 ሰዎችም ተመረጡ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «መርቬን ያባረሩት ተባረሩ!» ብሎ መደሰት ይቃጣዋል። እኛ ግን በሁለት ምክንያት ቀስ እንበል እንላለን።

አንደኛ፣ ሕዝቡ የቀጣቸው በሂጃብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኪሱና በማዕዱ ላይ በደረሰበትም ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን በደንብ እንመልከተው። 34.3 በመቶ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋ ወንበር ወሰደ። ይህ የሆነው ቀደም ሲል ያዙት ባልናችሁ የ10 በመቶ ደንብ ምክንያት ነው። በዚያ ምርጫ ከ45 በመቶ የሚበልጠው ድምፅ ወንበር ሳያገኝ ቀረ። ከነዚህም አንዱ 6.2 በመቶ ያገኘው፣ በአብዛኛው ኩርዶች የመረጡት ፓርቲ ነው። በበሩ ላይ የተተከለ ወጥመድ አላፊውን ሁሉ ይይዛል እንጂ ተካዩን ለይቶ አይምርም። አሸናፊም ቢሆን ወንበር ስለበዛለት ልብ ሁሉ የእርሱ የሆነ መስሎት እንዳይታለል ይህ ቁጥር ያስተምራል። ደንቡ ወደ 7 በመቶ ዝቅ የተደረገው በ2022 ነው።

ቀስ በቀስ የተከፈተ በር

የ363 ወንበሮች ድል እንኳ የሂጃብን በር ወዲያው አልከፈተም። በፌብሩዋሪ 2008 ፓርላማው የዩኒቨርሲቲውን ክልከላ ለማንሣት በ411 ድምፅ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ፤ በጁን ወር ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ማሻሻያውን ሻረው። ክልከላው በየዩኒቨርሲቲው መላላት የጀመረው ከ2010 ወዲህ ነው። በኦክቶበር 2013 ለአብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ተነሣ። በዚያው ወር በ31ኛው ቀን አራት ሴት ተመራጮች ሂጃብ ለብሰው ወደ ፓርላማው አዳራሽ ገቡ። ያጨበጨበባቸው፣ ውጡ ብሎ የጮኸባቸው አልነበረም። ከ1999 እስከ 2013 አሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው።

በዚያን ዕለት ከተናገሩት አንዷ የተቃዋሚው የሪፐብሊካን ሕዝብ ፓርቲ ተመራጭ ሻፋክ ፓቬይ ነበረች። ይህች ሴት በወጣትነቷ በባቡር አደጋ አንድ እጇንና አንድ እግሯን ያጣችና በሰው ሠራሽ እግር የምትሄድ ናት። ሴቶች ጉርድ ብቻ ይልበሱ በሚለው በዚያው ደንብ ምክንያት ሱሪ መልበስ አትችልም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደንቡ ተሻሽሎ ሴቶች በፓርላማ ሱሪ እንዲለብሱ ተፈቀደ። እንግዲህ አንዱ ደንብ ሂጃብ ለባሿንም፣ ሂጃብ የማትለብሰውን አካል ጉዳተኛም እኩል ሲያስቸግር መኖሩን አስተውሉ። በአንዱ ላይ የሚጠብ በር ለሌላውም ይጠብባል።

ጁን 7 ቀን 2015 በተካሄደው ምርጫ ደግሞ የመርቬ እህት ራቭዛ ካቫክቺ ካን ከኢስታንቡል ተመረጠች። ለቃለ መሐላ ወደ መነጋገሪያው ስትወጣ የለበሰችው ሂጃብ መርቬ በ1999 ለብሳው የነበረውን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በቤት ተቀምጦ የቆየው ጨርቅ ወደዚያ አዳራሽ ተመልሶ ገባ። መርቬም በ2017 ዜግነቷ ተመለሰላትና በማሌዥያ የአገሯ አምባሳደር ሆና ተሾመች። አልሐምዱሊላህ።

ከባዱ ጥያቄ

ጽሑፋችን እዚህ ላይ ቢያበቃ የሁላችንም ልብ ደስ ይለው ነበር። ይሁን እንጂ መጀመሪያ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ ብለናችኋል፤ እነሆ ደረስንበት።

መርቬ በዚያ አዳራሽ ስትገባ የተጮኸባት የመጀመሪያዋ አይደለችም። በ1991 የተመረጠችው የኩርድ ተወላጅ ለይላ ዛና ቃለ መሐላዋን በቱርክኛ ከፈጸመች በኋላ በኩርድኛ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ወንድማማችነት አንድ ዓረፍተ ነገር በመጨመሯ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በ1994 ያለመከሰስ መብቷ ተነሥቶ ታሰረች፤ የተፈታችው በ2004 ነው። ያን ጊዜ በእርሷ ላይ የደረሰው የስንቱን ሃይማኖተኛ ሰው ልብ አሳዘነ? «እርሷ የኛ አይደለችም» ያለውስ ስንቱ ነው?

ቀጥለን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በሜይ 2023 ምርጫ ጃን አታላይ የተባለ የሶሻሊስት ፓርቲ ዕጩ፣ በሙያው ጠበቃ፣ በእስር ቤት ሳለ ከሃታይ ተመረጠ። ሃታይ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ናት። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ መብቱ ተጥሷል ሲል ሁለት ጊዜ ወሰነ። ሆኖም የሰበር ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አልተቀበለም፤ በጃንዋሪ 2024 ተመራጭነቱ ተነሣ። አብዛኛውን ወንበር የያዙት ደግሞ መርቬ በተባረረች ጊዜ ያለቀሱት ሰዎችና አጋሮቻቸው ናቸው። ይህም ሰው ቃለ መሐላውን ሳይፈጽም ቀረ። የሃታይ መራጮችም ወኪላቸውን አጡ።

ወገኖቻችን፣ የጃን አታላይን አመለካከት እንድትወዱት አንጠይቃችሁም። የለይላ ዛናንም ፖለቲካ አጽድቁ አንልም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመርቬ ላይ የተፈጸመው ግፍ የሆነው እርሷ ሙስሊም ስለሆነች ነው ወይስ ግፍ በራሱ ግፍ ስለሆነ? መልሳችን የመጀመሪያው ከሆነ የቆምነው ለወገናችን እንጂ ለፍትሕ አይደለም። ቁርኣን ደግሞ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን፣ በራሳችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር ያዝዘናል። ይህ ትእዛዝ የወረደው ለተሸነፈ ብቻ አይደለም፤ ላሸነፈም ነው። እንዲያውም ያሸነፈው ይበልጥ ይፈተንበታል። የተበደለ ሰው ሰብር በማድረግ ይፈተናል፤ ሥልጣን ያገኘ ደግሞ በዐድል፣ በፍትሕ ይፈተናል። ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ይከብዳል እንላለን፤ ምክንያቱም ፈተና ላይ መሆናችንን እንረሳዋለን።

በቤታችን

እንግዲህ ይህን ወደ ቤታችን ይዘነው እንግባ። ወላጆች ሆይ፣ የምርጫ ውጤት ሲነገር ልጆቻችሁ ፊታችሁን እንደሚያዩ አትርሱ። የጠላችሁት ወገን ሲሸነፍ እልል ብትሉ፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ብትራገሙ፣ ልጁ የሚማረው ስለ አገር ጉዳይ ሳይሆን ስለ ጥላቻ ነው። ይልቅ ወረቀትና እርሳስ አምጡና ድምፁንና ወንበሩን አስልታችሁ አሳዩት። «ይህን ያህል ሰው መረጠ፤ ይህን ያህል ወንበር ሆነ፤ ድምፁ ወዴት ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁት። የጎረቤታችሁ ወኪል ከበር ቢመለስ የተጎዳው ጎረቤታችሁ መሆኑን ንገሩት፤ ጎረቤት ደግሞ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ በዲናችን ትልቅ ሐቅ አለው።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙ። የመጀመሪያው ሰብር ነው። መርቬ በተባረረች ጊዜ ድንጋይ ያነሣ፣ ሱቅ ያቃጠለ ወገን በሩን አልከፈተውም። በሩን የከፈተው ትምህርት፣ ክስ፣ ጽሑፍና ተደጋጋሚ የድምፅ መስጫ ሰልፍ ነው፤ ይህም ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ወስዷል። ሁለተኛው የናዝሊ ኢሊጃክ እርምጃ ነው። ሂጃብ የማትለብሰው ሴት ሂጃብ ከለበሰችው ጎን ሆና ወደ ጩኸቱ ገባች። ነገ በሌላ ሰው ላይ፣ በእምነቱም በሐሳቡም ከእናንተ በተለየ ሰው ላይ ሲጮኽ፣ ከጎኑ ሆናችሁ የምትገቡ እናንተ ሁኑ።

የዚያ ፓርላማ 550 ወንበሮች ዛሬ ሌሎች ሰዎች ይቀመጡባቸዋል፤ ቁጥራቸውም በ2018 ወደ 600 አድጓል። ያጨበጨቡትም፣ የተጨበጨበባትም ያለፈውን ሁሉ ይዘው ወደ አንድ ፈራጅ ይመለሳሉ። በዚያ ዕለት ስለ ወንበር ብዛት የሚጠየቅ የለም፤ ስለ አማና ግን ሁላችንም እንጠየቃለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ስንበደል ሰብርን፣ ስናሸንፍ ፍትሕን ይወፍቀን። አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።